ሾፌሩን ማን ገደለው? ስለ «ዘ ቢግ ስሊፕ» ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የሀምፍሪ ቦጋርትን "ዘ ቢግ ስሊፕ" (የ1946ቱን) ሦስት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛውን እንዲያውም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው። የቤተሰቡን ሾፌር ማን እንደገደለው ግን ሊገባኝ አልቻለም። አንዱ ጓደኛዬ "ኤዲ ማርስ ነዋ! መጨረሻ ላይ የሚሞተው ለምን ይመስልሻል?" ይላል። ሌላዋ ደግሞ "ያየሽው የተቆረጠውን ነው፣ ሙሉው የ1945ቱ ነው" ትለኛለች። እኔ በበኩሌ እንግሊዝኛዬን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። የቱ ነው ልክ? የ1945ቱን ልፈልገው?»

እንግሊዝኛዎ ምንም አልሆነም። ያዩት ቅጂም የጎደለ አይደለም። ስለ ኤዲ ማርስ የተነገረዎት ስህተት ነው። ሾፌሩን ማን እንደገደለው ፊልሙ አይናገርም። ፊልሙ የተወሰደበት ልብ ወለድም አይናገርም። ልብ ወለዱን የጻፈው ሰውዬ ራሱ አያውቅም ነበር። ስለዚህ እስክሪብቶውን ያስቀምጡት።

ከዚህ በታች ማን ማንን እንደገደለ አንድ በአንድ እዘረግፋለሁ። ፊልሙን ያላየ ሰው እዚህ ጋ ቢመለስ ይሻለዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ደራሲው ያልኩት ቀልድ ስለሚመስል ከሱ ልጀምር። ፊልሙ የተሠራው ሬይመንድ ቻንድለር በ1939 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ቀረጻውን የጀመረው በ1944 መገባደጃ ላይ ነበር። የፊልሙ መሪ ተዋናይት ሎረን ባኮል በግለ ታሪኳ እንደምትተርከው፣ አንድ ቀን ቦጋርት ቀረጻ ቦታ ይመጣና ሾፌሩን ከድልድዩ ላይ የገፋው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሥራው ቀጥ ይላል። የሚመልስ ይጠፋል። ልብ ይበሉ፣ ስክሪፕቱን ከጻፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ዊልያም ፎክነር ነው። ሌሎቹ ሊ ብራኬትና ጁልስ ፈርትማን ናቸው፤ ሁለቱም ሥራቸውን የሚያውቁ። ቸግሯቸው ለቻንድለር ቴሌግራም ላኩ። ሰውዬው ተገድሎ ነው ወይስ ራሱን አጥፍቶ? ቻንድለር ይህንን ከዓመታት በኋላ በደብዳቤ ሲያወጋ፣ እሱም እንደማያውቀው በገዛ እጁ ጽፏል።

እንግዲህ እርስዎ የጠየቁትን ቦጋርትም ጠይቆታል። ሰብታይትል ሳያስፈልገው።

ይሁንና «ደራሲው አያውቅም» ብሎ ዝም ማለት ባለሙያነት አይደለም። የሚታወቀውን እንይ። ሾፌሩ ኦወን ቴይለር ይባላል። የቤተሰቡን አባት የጄኔራል ስተርንውድን ታናሽ ልጅ ካርመንን ይወዳታል። ካርመንን ጋይገር የሚባል ሰውዬ ቤቱ ወስዶ፣ በመድኃኒት አደንዝዞ ፎቶ ያነሳታል። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው። መርማሪው ማርሎው (ቦጋርት ነው) ደጅ ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ብልጭታ ያያል፤ ጩኸት ይሰማል፤ ተኩስ ይከተላል። የሚሮጥ ሰው ኮቴ። ከዚያ አንድ መኪና ተነስቶ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሌላ። ማርሎው ሲገባ ጋይገር ሞቷል፣ ካርመን በራሷ የለችም፣ ካሜራው ባዶ ነው።

ተኳሹ ቴይለር ነበር። ከኋላው የተነሳው ሁለተኛው መኪና የጆ ብሮዲ ነው። ብሮዲ የሰው ምስጢር ይዞ ገንዘብ የሚጨምቅ፣ ተራ ወሮበላ ነው። ቴይለርን ይከተለዋል፣ ጭንቅላቱን ብሎ ይጥለዋል፣ ፎቶውን ይወስዳል። ብዙም ሳይቆይ የስተርንውዶች መኪና ባሕር ውስጥ ይገኛል። ሊዶ የሚባለውን፣ ከዳር ወደ ባሕሩ የተዘረጋውን ድልድይ አጥር ጥሶ ነው የገባው። ቴይለር ውስጡ ነው። ጭንቅላቱ ላይ የምት ምልክት አለ። የመኪናው የእጅ ነዳጅ መስጫ ደግሞ ግማሽ ላይ ተደርጎ ተገኝቷል። በዚያ ዘመን መኪኖች ላይ እግር ሳይረገጥ ሞተሩን የሚያስሮጥ እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ልብ ወለዱ ውስጥ ድልድዩ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች እንኳ አይስማሙም። አንዱ ሰክሮ ነው ይላል። አንዱ ግድያ ነው ይላል። ራሱን አጥፍቶ ይሆን የሚለውም ይነሳል።

ያለን ምስክር ብሮዲ ብቻ ነው። እሱ የሚለው፣ መትቼ ጣልኩት፣ ፎቶውን ወሰድኩ፣ ከዚያ ድንገት ነቅቶ ገፈተረኝና መኪናውን አስነስቶ ከዓይኔ ተሰወረ ነው። ብሮዲን ማን ያምናል? ውሸት እንጀራው የሆነ ሰው ነው። የባሰው ግን ይህንን በተናገረ በደቂቃዎች ውስጥ በሩ ሲንኳኳ ይከፍታል፤ በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ብቸኛው ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሞተ። ፋይሉ እዚያው ላይ ተዘጋ።

የእኔን ግምት ከፈለጉ፣ ቴይለር ራሱን አጥፍቷል ባይ ነኝ። ብሮዲ መምታቱን ካመነ የጭንቅላቱ ምት ሌላ ገዳይ አያስፈልገውም። ሰውዬው ለሚወዳት ልጅ ሲል ሰው ገድሏል። ልጅቷን ሊያዋርድ የሚችለውን ፎቶ ቀምቶ ሳያበቃ እሱም ተቀምቷል። የሚሄድበት የለውም። ነዳጅ መስጫውን አስተካክሎ ድልድዩ ላይ ቢነዳው አይገርመኝም። ብሮዲ ነው የገደለው የሚሉም አያጡም። የራሱን ድርጊት ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው ካልን ያም ያስኬዳል። ግን ሁለቱም ግምት ነው። የትኛውም ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም። ኢንተርኔት ላይ «ምስጢሩ ተፈታ» የሚል ቪዲዮ ካጋጠመዎት ሰውዬው ግምቱን ነው የሚሸጥልዎት።

ኤዲ ማርስን የሚጠረጥሩት ጓደኛዎ የተሳሳቱት የመጨረሻው ሟች የመጀመሪያው ገዳይ መሆን አለበት ብለው ነው። በብዙ የወንጀል ድርሰት ይሠራል፤ እዚህ አይሠራም። ማርስ የቁማር ቤት ባለቤት ነው፣ የጋይገርም ቤት አከራይ። ብዙ ጉድ አለበት። በዚያ ሌሊት ግን ድልድዩ አጠገብ የሚያደርሰው አንዲት ማስረጃ የለም። የሚሞተውም ለሾፌሩ አይደለም። ደጅ ላይ ማርሎውን እንዲገድሉ ያቆማቸው የገዛ ሰዎቹ እሱ ሲወጣ በስህተት ተኩሰው ነው የሚገድሉት። ልብ ወለዱ ውስጥ ደግሞ ማርስ ጭራሽ አይሞትም።

ታሪኩ እንዲህ የተወሳሰበበትን ምክንያት ካወቁ ግማሹ ብስጭት ይለቅዎታል። የመጀመሪያው ከቻንድለር አሠራር ይመጣል። ቻንድለር ጽሑፍ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ ነበር፤ በ1932 ተባረረ፤ ዕድሜው አርባዎቹን ተጋምሷል። ከዚያ «ብላክ ማስክ» ለሚባል ርካሽ መጽሔት አጫጭር ታሪኮች መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሲጽፍ አዲስ ነገር ከባዶ አላመጣም። በ1935 እና በ1936 ያሳተማቸውን ሁለት ታሪኮች አንድ ላይ ሰፋቸው። ከአንደኛው ጋይገርንና ፎቶውን፣ ከሌላኛው የጠፋውን ሰው ታሪክ ወሰደ። ሁለት ጋቢ አንድ ላይ ቢሰፉት ስፌቱ መታየቱ አይቀርም። ቴይለር ስፌቱ ላይ ቀረ። ጋይገርን ከገደለ በኋላ ታሪኩ ለሱ ሥራ የለውም፤ ባሕር ውስጥ ገባና ሁሉም ረሳው።

ቻንድለር ይህንን እንደ ትልቅ ጥፋት አያየውም ነበር። ለሱ አንድ ትዕይንት ራሱን ችሎ መቆሙ ከሴራው ይበልጥበታል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ምንም እንኳ ስክሪፕት ሊጽፍ የሚማር ልጅ ይህንን ሰምቶ ለስንፍናው ሰበብ ሲያደርገው ባልወድም።

ሁለተኛው ምክንያት ሳንሱር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለእርስዎ ግራ መጋባት ከሾፌሩ ይልቅ ተጠያቂው እሱ ይመስለኛል። ሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሚያስከብረው የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው። አደንዛዥ ዕፅ፣ የወሲብ ሥዕል፣ ግብረ ሰዶም በግልጽ አይነሱም። ገዳይ ሳይቀጣ አይታለፍም። አሁን የልብ ወለዱን ታሪክ ያስቡት። የጋይገር የመጻሕፍት መደብር ሽፋን ነው፤ ከጀርባው የወሲብ መጻሕፍት በድብቅ እያከራየ ነው የሚኖረው። ካርመን ፎቶ የተነሳችው ራቁቷን ነው። ብሮዲን የገደለው ወጣት፣ ካሮል ሉንድግረን፣ የጋይገር ፍቅረኛ ነው፤ የገደለውም ጋይገርን የገደለው ብሮዲ መስሎት ለመበቀል ነው። የጠፋውን ሰውዬ ሪገንን ደግሞ የገደለችው ካርመን ናት። እምቢ ስላላት።

ከፊልሙ ይህ ሁሉ ወጣ ወይም ተድበሰበሰ። ካርመን የቻይና ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። መደብሩ ስለ አሮጌ መጻሕፍት ብቻ ይመስላል። ስለዚህ ተመልካቹ ሰዎች ለአንድ የመጽሐፍ ሱቅ ሲገዳደሉ ያይና «ምን ሆነዋል?» ይላል። ሉንድግረን ለምን እንደተኮሰ ደብዛው ይጠፋል። በሪገን ሞት ደግሞ ጣቱ መጨረሻ ላይ ወደ ኤዲ ማርስ ዞሯል፤ ማርሎው ግን የካርመንን ታላቅ እህት ቪቪያንን (ባኮል ናት) እህቷን ለሕክምና ወደ አንድ ቦታ እንድትልካት ይነግራታል። ካርመን ምንም ካላደረገች ለምን ትላካለች? ይህንን ሲሰሙ ግራ ከገባዎት በትክክል ነው ያዩት። ፊልሙ አንዱን በአፉ፣ ሌላውን በዓይኑ ነው የሚናገረው።

ስለ መደብሩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ማርሎው የኮፍያውን ጠርዝ ወደ ላይ ገልብጦ፣ መነጽር ሰክቶ ይገባና የ1860 እትም «ቤን ሃር» አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሻጯ የለንም ትላለች። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1880 ነው። የመጽሐፍ ነጋዴ ብትሆን ኖሮ ትስቅበት ነበር። መንገዱን ተሻግሮ ያለው እውነተኛው መደብር ውስጥ የምትሠራው ልጅ (ዶሮቲ ማሎን ናት) ወዲያው ትነቃበታለች። አንድ ሽጉጥ ሳይወጣ፣ አንድ ሰው ሳይደበደብ ጋይገር አጭበርባሪ መሆኑ ታወቀ። ከሾፌሩ ይልቅ እንዲህ ዓይነቱን ቢያድኑ ነው የምመክረው።

አሁን ወደ 1945ቱ ቅጂ። ጓደኛዎ እንዲህ ያለ ቅጂ መኖሩን ማወቃቸው ጥሩ ነው፤ «ሙሉው» ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። ፊልሙ በ1945 መጀመሪያ ላይ ተቀርጾ አልቋል። የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ ግን ጦርነቱ ማለቁ ስለሆነ በእጁ ያሉትን የጦርነት ፊልሞች ጊዜያቸው ሳያልፍ ማውጣት ፈለገ። ይህኛው መደርደሪያ ላይ ቆየ፤ ውጭ አገር ለነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ብቻ ታየ። በዚህ መሐል ባኮል የተወነችበት ሌላ ፊልም ወጥቶ ተቺዎች አብጠለጠሏት። ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቦጋርት ጋር በግንቦት 1945 ተጋብተዋል። ወኪሏ ቻርልስ ፌልድማን ለኩባንያው አለቃ ለጃክ ዋርነር ጻፈለት። ልጅቷ ልትበላሽ ነው፣ ከቦጋርት ጋር የሚሟገቱበት፣ አፍ የሚካፈቱበት ትዕይንት ይጨመርላት አለ። ዋርነር እሺ አለ። በ1946 መጀመሪያ ላይ ተዋንያኑ ተመልሰው አዳዲስ ትዕይንቶች ተቀረጹ።

ያ ምግብ ቤት ውስጥ ስለ ፈረስ ውድድር የሚያወሩት ወሬ፣ ስለ ፈረስ እንዳልሆነ ሁሉም የሚያውቀው፣ የመጣው ያኔ ነው። ለሱ ቦታ ሲባል የወጡ ነገሮች ነበሩ። ዋነኛው ማርሎው አቃቤ ሕጉ ዘንድ ቀርቦ እስከዚያ የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል የሚያስረዳበት ረዘም ያለ ትዕይንት ነው። አዩ? ሴራውን የሚያብራራው ክፍል ወጥቶ የፍቅር ወሬ ገባ። የ1945ቱ 116 ደቂቃ ነው፤ የ1946ቱ 114። ርዝመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለያዩት በይዘት ነው። የ1945ቱ ተጠግኖ ሲኒማ ቤት የቀረበው በ1997 ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? የ1945ቱ ይበልጥ ይገባል። የ1946ቱ ይበልጥ ጥሩ ፊልም ነው። ይህንን ስል አላወላውልም። ያ ማብራሪያ በተማሪ ቤት ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ያነቡታል፣ ያመሰግናሉ፣ ያንቀላፋሉ። ሆክስ በዚህ ፊልም የተረዳው ነገር ተመልካች ሴራው ባይገባውም ትዕይንቱ ከጣመው እንደማይነሳ ነው። የከፈሉት ዋጋም አለ። ቻንድለር ካርመንን የተወነችው ማርታ ቪከርስ ባኮልን ስለበለጠቻት ጥሩ ጥሩ ትዕይንቶቿ እንደተቆረጡባት ያምን ነበር። አልዋሸም ይመስለኛል። እሷ ባለችበት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓይን ሌላ ቦታ አይሄድም።

በተጨማሪ አንድ የምታዘበው ነገር አለ። እርስዎ ፊልሙን እንደ እንቆቅልሽ ነው የያዙት። እንቆቅልሽ ሲባል መልስ አለው፤ «አገር ስጠኝ» ተብሎ እንኳ ይፈታል። በእንግሊዞቹ የወንጀል ድርሰት ልማድ እንዲያ ነው፤ ሁሉም ሳሎን ይሰበሰባል፣ መርማሪው ጣቱን ይቀስራል። የአሜሪካኖቹ የግል መርማሪ ከሌላ ሰፈር ነው። እሱ ከተማው ውስጥ እየዞረ ይደበደባል፣ ይዋሹታል፣ ጥቂት እውነት ይለቅማል። እዚህ ፊልም ላይ ማርሎው የሌለበት ትዕይንት ፈልገው አያገኙም ማለት ይቻላል። እሱ ያላየውን እኛም አናይም። ጋይገር ሲሞት እሱ ደጅ ነው፤ እኛም ደጅ ነን። ቴይለር ሲሞት እሱ የለም፤ እኛም የለንም። ፈረንሳዮች በ1946 እንዲህ ያሉትን የአሜሪካ ፊልሞች «ፊልም ኑዋር»፣ ጥቁር ፊልም፣ ማለት የጀመሩት ጨለማውን ብቻ አይተው አልነበረም። ሠሪዎቹ ግን ስሙን አያውቁትም፤ እነሱ የወንጀል ፊልም ነው የሠሩት። ስለ ርዕሱም ካነሳን፣ «ትልቁ እንቅልፍ» ሞት ነው። እኛም «ላይነቃ አንቀላፋ» እንል የለ።

ምርጫዎ እንግዲህ ይህ ነው። ማን ማንን ለምን እንደገደለ ማወቅ ከሆነ ፍላጎትዎ ልብ ወለዱን ያንብቡ። ከሾፌሩ በቀር ሁሉም ነገር እዚያ አለ፣ ሳንሱሩ የደበቀውም። የ1978ቱን የሮበርት ሚቸም ፊልም ለማብራሪያ ብለው እንዳያዩት። ከልብ ወለዱ ብዙም አይርቅም፣ ነገር ግን ታሪኩን ወደ እንግሊዝ ወስዶታል፤ ሎስ አንጀለስ የሌለችበት ማርሎው ባሕር የሌለው ዓሣ ነው። በእርግጥ የሚፈታ ምስጢር፣ ፍንጩ ከመጀመሪያው ዓይንዎ ሥር የተቀመጠ ከፈለጉ ደግሞ ያው ቦጋርት በ1941 ከጆን ሂዩስተን ጋር የሠራውን «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ይዩ። እዚያ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ይገደላል። ካፖርቱ እንደተቆለፈ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከዚህ በላይ አልነግርዎትም።

የእኔ ምክር ግን ይህ ነው። የ1946ቱን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት። አያቁሙት፣ ወደ ኋላ አይመልሱት። የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉን ያብሩት፤ ስለ እርስዎ እንግሊዝኛ ብዬ ሳይሆን ቦጋርትና ባኮል ሲነጋገሩ ማንንም ስለማይጠብቁ ነው። ቀጥሎ ልብ ወለዱን ያንብቡ። የ1945ቱ ሦስተኛ ይሁን፤ ዋርነር ያወጣው ዲቪዲ ሁለቱንም ስለሚይዝ የተለየ ፍለጋ አያስፈልገውም። በሱ መጀመር ማለት ስልቻውን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ነው።

ዳግም ሲያዩት ሾፌሩን ይተዉትና ሃሪ ጆንስን ይጠብቁ። ያ አጭሩ፣ ኤሊሻ ኩክ የተወነው ሰውዬ። ካኒኖ የሚባለው ነፍሰ ገዳይ አንድ ቢሮ ውስጥ ቁጭ አድርጎ ያቺ የጋይገር መደብር ሻጭ የት እንዳለች ይጠይቀዋል። ማርሎው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማል። ጆንስ አድራሻ ይሰጣል፣ ከዚያ መርዙን ያጠጡታል። አድራሻው ውሸት ነበር።